በደጃፍ የሚዘመር መዝሙርና የዘማሪው እንጀራ



በዚህ እትም ለጥናት የቀረበው ርእስ ከቅጥረ ቤተ ክርስቲያን ውጭ፣ በመንገድ ዳርና በሰው ደጃፍ ስለሚዘመር መዝሙር ነው። በአዲሱ ገበያና በአካባቢው የምንኖር ሁሉ ይህን መዝሙር እናውቀዋለን። በንግሥ በዓል ቀን ወደ ቤተ ክርስቲያን በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ዓይነ ስውሩ መሲንቆውን ይዞ፣ እናቲቱ ልጇን ታቅፋ፣ ሽማግሌው ያለ አንዳች መሣሪያ በባዶ ድምፁ የእመቤታችንን ስም እየጠሩ ያዜማሉ። በቅርብ ዓመታት አንዳንዶቹ ትንሽ የድምፅ ማጉያ በአንገታቸው ማንጠልጠል ጀምረዋል። ከአላፊ አግዳሚው አንዱ ሳንቲም ይጥላል፤ ሌላው ስልኩን አውጥቶ ይቀርፃል፤ የሚበዛው ግን እንዳልሰማ ሆኖ ያልፋል።

ስለ እነዚህ ዘማርያን በእኛ በወጣቶች መካከል ሁለት ዓይነት አነጋገር ይሰማል። አንዱ «ይህ ልመና እንጂ መዝሙር አይደለም፤ በእግዚአብሔር ስም ገንዘብ መሰብሰብ ነው» ይላል። ሁለተኛው ድምፁን ይወደዋል፤ ቀርፆም በቴሌግራም ለወዳጆቹ ይልካል፤ ነገር ግን ዘማሪው ማን እንደ ሆነ፣ የት እንደሚያድር አይጠይቅም። ሁለቱ ተቃራኒ ይምሰሉ እንጂ በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ መዝሙሩንና የዘማሪውን እንጀራ ለያይተው ያያሉ። የመጀመሪያው እንጀራውን አይቶ መዝሙሩን ይንቃል፤ ሁለተኛው መዝሙሩን ወስዶ እንጀራውን ይረሳል። የዚህ ጽሑፍ አሳብ ግን ሁለቱ የማይለያዩ መሆናቸው ነው። መዝሙሩን የወሰደ ሰው ከእንጀራው ዕዳ ነጻ አይደለም። ይህንም አስቀድመን በገዛ አገራችን ልማድ፣ ቀጥሎም እ.ኤ.አ. በ1960 አንድ ዓይነ ስውር የጎዳና ዘማሪ በአሜሪካ ባሳተመው ሸክላ እንመለከተዋለን። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ዓ.ም. ካልተባለ በቀር በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የእኛው የደጃፍ ዜማ

ከሁሉ አስቀድሞ የቆሎ ተማሪን እናስታውስ። ከዘመድ አገር ርቆ ሄዶ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ የውሻ መከላከያ በትሩን ይዞ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። ስለ እመቤታችን ስም ብላችሁ ማለቱ ነው። ቁራሽ እንጀራ ወይም አንድ እፍኝ ቆሎ ሲሰጡት ተቀብሎ ወደ ጎጆው ይመለሳል፤ በቀረው ሰዓት ቃሉን ይይዛል፣ ዜማውን ይቀጽላል። የባለጸጋ ልጅ እንኳ ቢሆን ከቤቱ ስንቅ እየመጣለት ከሚማር ይልቅ እየለመነ ቢማር ትሕትናን ያገኛል ተብሎ ይታመን ነበር። ድጓን በቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕትን በዙር አባ ያስመሰከሩት መምህራን አብዛኞቹ ያለፉት በዚሁ መንገድ ነው። እንግዲህ በጥምቀትና በመስቀል በዓል ስንሰማው የምንኮራበት ያሬዳዊ ዜማ ከመምህር ወደ ተማሪ ሲወርድ የኖረው በማን እንጀራ ነው? በሰው ደጃፍ በተገኘ ቁራሽ ነው። ልመና ዜማን ያረክሳል የሚል ወንድም ቢኖር አስቀድሞ ይህን ሒሳብ ያወራርድ።

ሁለተኞቹ ላሊበሎች ናቸው፤ በአንዳንድ አገር ሐሚና ይባላሉ። ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው፣ ብዙ ጊዜ ባልና ሚስት ሆነው፣ በሰው በር ላይ ቆመው ያዜማሉ። አንዱ ሲያወጣ ሌላው ይቀበላል። የቤቱን ባለቤት ስም ከጎረቤት ጠይቀው በዜማቸው ውስጥ ያስገቡታል። ሲሰጣቸው ምርቃታቸው ይዘንባል፤ የነፈጋቸውን ግን በምላሳቸው አይምሩትም። ዜማውን ብንተው ቁምጥና ይይዘናል ብለው ያምናሉ እየተባለ ሲነገር ኖሯል። ቁምጥና በተሕዋስ የሚመጣ፣ በመድኃኒትም የሚድን በሽታ መሆኑን ዛሬ ስለምናውቅ ይህን እምነት ልንጋራው አንችልም። ይሁን እንጂ በልማዳቸው ውስጥ ያለውን ልውውጥ ልብ እንበል፤ እነርሱ ምርቃት ይሰጣሉ፣ ባለቤቱ እንጀራ ይሰጣል፤ አንዱም በነጻ ተቀባይ አይደለም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአገራችን ቆይታ ያጠናችው አሜሪካዊት የሙዚቃ ተመራማሪ ኬይ ካውፍማን ሸለመይ በ1982 ስለ ላሊበሎች ዜማ የተለየ ጥናት አሳትማለች። እኛ ብርድ ልብሳችንን ተከናንበን «እነዚህ ደግሞ እንቅልፍ ነሡን» የምንለውን ድምፅ ሌላው ከባሕር ማዶ መጥቶ አጠናው።

በዚህ ላይ «በገናስ? በገና ለልመና አይደረደርም፤ እውነተኛው መንፈሳዊ መሣሪያ እርሱ ነው» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ባለ አሥር አውታሩ በገና የመኳንንቱና የካህናቱ የቤት መሣሪያ ሆኖ የኖረ፣ በተለይ በዐቢይ ጾም የሚደረደር ነው። ጎዳናው የባለ አንድ አውታሩ የመሲንቆ ነበር። ግን ምክንያቱን እንመርምር። ከእኛ ሰፈር በላይ በእንጦጦ የተወለዱት አቶ ዓለሙ አጋ በገናን በልጅነታቸው የተማሩት ከጎረቤታቸው ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል ነው። አድገውም በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በገናን አስተማሩ። በደርግ ዘመን በገና ከሬድዮ ሲርቅና ትምህርቱም ሲቋረጥ ሱቅ ከፍተው ኖሩ፤ በገናቸውን ግን አልጣሉም። በኋላ ዘመን በተቀረፀው ድርደራቸው ዓለም አወቃቸው፤ ኢትዮፒክስ በሚባለው ተከታታይ የሙዚቃ ኅትመት ውስጥ 11ኛው ክፍል የእርሳቸው ነው። እንግዲህ በገና ደርዳሪው እጁን ለልመና ያልዘረጋው እንጀራው በሌላ በኩል ስለሚመጣለት ነው፤ ለአንዱ ከርስቱ፣ ለሌላው ከደመወዙ፣ ለሌላው ከሱቁ። በመንገድ ዳር የተቀመጠው ባለ መሲንቆ ርስትም ሱቅም የለውም። ልዩነቱ የመሣሪያው ቅድስና ሳይሆን የጓዳው ሁኔታ ነው።

እንጀራውን ወደ ደጃፍ የመለሱ እናት

አሁን የቆሎ ተማሪውን ከሸክላ ኅትመት ጋር ወደ አገናኙት ወደ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ እንለፍ። እማሆይ በ1923 በአዲስ አበባ ተወለዱ፤ የዓለም ስማቸው የውብዳር ነበር። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ፣ እኅታቸው ደግሞ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ናቸው። በስድስት ዓመታቸው ወደ ስዊስ ተልከው በዚያ ቫዮሊንና ፒያኖ ተማሩ። በጣልያን ወረራ ጊዜ ከቤተ ሰባቸው ጋር በምርኮ ወደ ኢጣልያ ተወስደዋል። ከነጻነት በኋላ በካይሮ ትምህርታቸውን ቀጠሉ። ወደ ለንደን ሄደው ሙዚቃ ለማጥናት የተገኘው ዕድል ግን ፈቃድ ተነፍጎት ቀረ። ልባቸው ተሰብሮ እህል እምቢ እስከ ማለት ደረሱ። ከዚያም ዓለምን ንቀው ወደ ግሸን ማርያም ወጡና መነኰሱ፤ በዚያም ዐሥር ዓመት ያህል በባዶ እግራቸው እየሄዱ ኖሩ። የከንቲባ ልጅ፣ ከአውሮፓ የተማረች ወይዘሮ፣ በግሸን ድንጋይ ላይ ያለ ጫማ! ይህን ብቻውን ብናጠና ሌላ እትም ይወጣዋል።

ለርእሳችን የሚያስፈልገው ግን ቀጥሎ የሆነው ነው። በ1960ዎቹ የቅዱስ ያሬድን ዜማ ለማጥናት በጎንደር ተቀምጠው ሳለ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱና ሲመለሱ የዜማ ተማሪዎች በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተኝተው ያገኙአቸው ነበር። ቀን ቁራሽ ለምነው ሌሊት በድንጋይ ላይ የሚያድሩ ልጆች ናቸው። እማሆይ የሚሰጡት ገንዘብ አልነበራቸውም። የነበራቸው ሙዚቃ ነው። ስለዚህ ለእነዚህና እነርሱን ለመሰሉ ድኾች መርጃ እንዲሆን ብለው የፒያኖ ድርሰቶቻቸውን በሸክላ ለማሳተም ቈረጡ፤ ሸክላውም በጀርመን አገር ታተመ። ከድርሰቶቻቸው አንዱ ቤት ስለሌለው መንገደኛ የሚናገር ርእስ ያለው ነው። በ1984 ወደ ኢየሩሳሌም ሄደው በደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ገዳም ኖሩ። በ2006 ሥራቸው የኢትዮፒክስ 21ኛ ክፍል ሆኖ ወጣ፤ በ2023 ዓርፈዋል። በስማቸው የተቋቋመው ድርጅትም የሙዚቃ ትምህርት ለሚሹ ልጆች የሚሠራ ነው።

የእማሆይን ሥራ በደንብ ካየነው የዚህን ጽሑፍ አሳብ በአንድ ሰው ሕይወት እናገኘዋለን። በደጃፍ ከሚለምኑት ተማሪዎች ዜማ ጋር አብረው ያጠኑትን ያሬዳዊ ጣዕም በፒያኖአቸው አሰሙት፤ ከዚያ የሚገኘው ገንዘብ ደግሞ ወደዚያው ደጃፍ እንዲመለስ አደረጉ። መዝሙሩን ሲወስዱ የእንጀራውን ዕዳ አልረሱም።

የውጭ አገር ሰዎች የእማሆይን ፒያኖ ሲሰሙ ብዙ ጊዜ «ብሉዝ ይመስላል» ይላሉ። ብሉዝ ምንድን ነው? በደቡብ አሜሪካ ሳይሆን በሰሜን አሜሪካ፣ በዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ክፍል፣ በባርነት የኖሩት ጥቁሮች ልጆችና የልጅ ልጆች በእርሻና በመንገድ ሥራ ላይ ያንጐራጐሩት ዜማ ነው። እኛ እንጉርጉሮ የምንለው ለትርጉሙ ይቀርባል። የእኛ ትዝታ በአምስት ድምፅ ብቻ እየተመላለሰ ሐዘንን እንደሚያወጣ፣ ብሉዝም ጥቂት ድምፆችን እየጐተተ፣ እያጠፈ ሆድን ያባባል። ግጥሙ ስለ ፍቅርና ስለ ሥጋዊ ኑሮ ሲሆን ብዙ አማኞች «የሰይጣን ዜማ» ይሉት ነበር። ዜማው እንጉርጉሮ ሆኖ ቃሉ ከመጽሐፍ ቅዱስ ሲወሰድ ጐስፔል ብሉዝ ተባለ። ይህን ከዘመሩት መካከልም ብዙዎቹ በመንገድ ዳር የቆሙ ዓይነ ስውራን ነበሩ።

የሃርለም የጎዳና ዘማሪ

ጋሪ ዴቪስ በ1896 በሳውዝ ካሮላይና ግዛት ሎረንስ በተባለ ቦታ ከድኻ ገበሬ ቤተ ሰብ ተወለደ። ዓይኑ የጠፋው ገና ሕፃን ሳለ ነው፤ ያሳደገችውም አያቱ ናት። ጊታር በልጅነቱ ያዘ። በአውራ ጣቱና በጠቋሚ ጣቱ ብቻ እየመታ ሦስት ሰው የሚጫወተው እስኪመስል ድረስ ያስተጋባው ነበር። በ1930ዎቹ ወደ እምነቱ ተመልሶ የባፕቲስት ሰባኪ ሆነ። (ሃይማኖቱ ከእኛ የተለየ ነው፤ ለጥናት ያመጣነውም ትምህርተ ሃይማኖቱን ሳይሆን ኑሮውንና ሥራውን ነው።) በ1935 በኒው ዮርክ ለመጀመሪያ ጊዜ ሸክላ አስቀረፀ። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዓመታት ሥጋዊውን ብሉዝ በሰው ፊት መዝፈን አይወድም ነበር።

በ1940ዎቹ ወደ ኒው ዮርክ ገብቶ በሃርለም ጎዳናዎች ላይ መዘመርና መስበክ ያዘ። ሃርለም በዚያን ጊዜ ጥቁሮች የሚበዙበት የከተማው ክፍል ነበር። በክረምት ብርድ፣ በበጋ ሙቀት በመንገዱ ጥግ ቆሞ ይዘምራል፤ አላፊው በጣሳው ውስጥ ሳንቲም ይጥላል። ማየት ስለማይችል ጊታሩን ሌቦች የወሰዱበት ጊዜ ነበር። በቤቱ ደግሞ ጊታር ለሚማሩ ወጣቶች በአምስት ዶላር ያስተምር ነበር። ሰዓት አይቆጥርም፤ ጠዋት የገባው ተማሪ አመሻሽ ላይ የሚወጣበት ቀን ነበር ይባላል። እነዚያ ወጣቶች እጁን ይዘው ወደ ዝግጅት ቦታ ይመሩታል፤ በኋላም ከመካከላቸው ስመ ጥር ጊታር ተጫዋቾች ወጥተዋል።

ነሐሴ 24 ቀን 1960 ዴቪስ የ64 ዓመት ሰው ሳለ በኒው ጀርሲ ግዛት በሩዲ ቫን ጌልደር ስቱዲዮ ገብቶ 12 መዝሙሮች አስቀረፀ። (ቀራፂው ቫን ጌልደር ለብዙ ዓመታት መተዳደሪያው የዓይን መነጽር ምርመራ ነበር፤ ሙዚቃ የሚቀርፀው በትርፍ ጊዜው ነበር። የዓይን ባለሙያ የነበረ ሰው የዓይነ ስውሩን ድምፅ ቀረፀ ማለት ነው።) ሸክላው «ሃርለም ስትሪት ሲንገር» ተብሎ ወጣ፤ የሃርለም የጎዳና ዘማሪ ማለት ነው። አሳታሚዎቹ የሰውየውን የጎዳና ኑሮ አልሸሸጉም፤ እንዲያውም ርእስ አደረጉት።

ሸክላውን ስንሰማ በመጀመሪያ የሚያስደንቀን ድምፁ ነው። ሻካራና ኃይለኛ ነው፤ ይጮኻል ማለት ይቻላል። በስቱዲዮ ውስጥ አውቶቡስ የለም፣ ገበያተኛ የለም፤ እርሱ ግን እንደ መንገዱ ነው የሚዘምረው። ለብዙ ዓመታት የመኪና ጩኸት ለማሸነፍ የተሠራ ጉሮሮ ጸጥታ ባለበት ክፍል ውስጥ እንኳ ዝቅ አይልም። ጊታሩ ደግሞ ዝም ብሎ አያጅብም፤ ዘማሪው ቃሉን ጀምሮ ሲተወው ጊታሩ ይጨርሰዋል። የመሲንቆ ተጫዋች ድምፁን አቁሞ መሲንቆው ቃሉን እንዲናገርለት ሲያደርግ የሰማ ሰው ይህን ወዲያው ይረዳዋል።

ከ12ቱ መዝሙሮች አንዱ የሶምሶንና የደሊላ ታሪክ ነው። እዚህ ላይ ቆም እንበል። መጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 16ን የምናነበው ብዙ ጊዜ ስለ ደሊላ ተንኰል ነው። ከቁጥር 21 ጀምሮ ግን ሌላ ታሪክ አለ፤ ዓይኑ የጠፋ ሰው በወኅኒ እህል ይፈጫል፤ በበዓል ቀን ሕዝቡን እንዲያጫውት ከወኅኒ ይጠራል። በቁጥር 26 ላይ ደግሞ እጁን ይዞ የሚመራው ብላቴና አለ። ዓይነ ስውሩ፣ በዓሉ፣ ተሰብስቦ የሚስቀው ሕዝብ፣ መሪው ልጅ፤ ይህ ሁሉ በየንግሡ የምናየው አይደለምን? ዴቪስ ይህን ታሪክ በጎዳና ላይ ሲዘምር ስለ ሌላ ሰው ብቻ አልነበረም የሚናገረው። ቤቱን ስለሚያፈርሰው ስለ ሶምሶን ቍጣ ሲደርስ ጊታሩም አብሮ ይቈጣል። ሌላው መዝሙር በዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 21 ስላለችው ባለ 12 በር ከተማ ነው፤ በየአቅጣጫው ሦስት ሦስት በር። በከተማው ሁሉ በር ውጭ ቆሞ የኖረ ሰው ስለማይዘጋ በር ይዘምራል። ሌላው ሞት ምሕረት እንደማያውቅ፣ ከቤት ቤት እየዞረ እንደሚወስድ የሚያስታውስ ነው፤ በእኔ ግምት ከሸክላው ሁሉ የሚበልጠው እርሱ ነው፣ ሌሊት ብቻን መስማት ግን አይመከርም። የዓለምን ብርሃን የሚያነሣም መዝሙር አለ። ዓይነ ስውር የዘመረው መሆኑን ሳያውቁ መስማትና አውቆ መስማት የተለያየ ነው።

ሁለት ዓይነ ስውራን፣ ሁለት ፍጻሜ

የሶምሶንን መዝሙር ከዴቪስ በፊት በሸክላ ያስቀረፀ ሌላ ዓይነ ስውር የጎዳና ዘማሪ አለ፤ ብላይንድ ዊሊ ጆንሰን ይባላል፣ የቴክሳስ ሰው ነው። ከ1927 እስከ 1930 ድረስ ኮሎምቢያ ለተባለው ኩባንያ 30 መዝሙሮች አስቀረፀ። ከእነዚህ አንዱ ቃል የሌለው፣ በማንጐራጐር ብቻ የተዘመረ የጌታን የጌቴሴማኒ ሌሊት የሚያስብ ነው። በ1977 አሜሪካኖች ቮየጀር የተባሉትን መንኰራኵሮች ወደ ሰማይ ሲልኩ የምድርን ድምፆች በያዘው የወርቅ ቅብ ሸክላ ላይ ይህን መዝሙር አኖሩት። አሁን በከዋክብት መካከል ባለው ጠፈር እየተጓዘ ነው። ዘማሪው ግን ከ1930 በኋላ ወደ ጎዳናው ተመልሶ ነበር፤ በ1945 ቦሞንት በተባለች ከተማ በድኽነት ሞተ። ሚስቱ እንደ ተናገረችው ቤታቸው ተቃጥሎ በፍርስራሹ ውስጥ እርጥብ ጋዜጣ አንጥፈው ካደሩ በኋላ ነው የታመመው። ድምፁ ከከዋክብት መካከል፣ ሰውየው በእርጥብ ጋዜጣ ላይ።

የዴቪስ ፍጻሜ ሌላ ሆነ። በ1962 ፒተር፣ ፖልና ሜሪ የተባሉት ሦስት ወጣት ዘፋኞች በመጀመሪያው ሸክላቸው ላይ የሶምሶንን መዝሙር ከእርሱ ወስደው ዘፈኑት። ሸክላው እጅግ ብዙ ተሸጠ። የመዝሙሩ ባለ መብት ዴቪስ ተብሎ ስለ ተመዘገበ ገንዘቡ ወደ እርሱ ደረሰ፤ በዚያም ገንዘብ በኒው ዮርክ ኵዊንስ በተባለው ክፍል ቤት ገዛ። በ66 ዓመቱ ገደማ ማለት ነው። እስከ ሞተበት እስከ 1972 ድረስ በየአገሩ እየተጠራ ዘመረ፤ የሞተውም ለመዘመር ወደ አንድ ከተማ ሲሄድ በመንገድ ላይ ነው። የሁለቱን ፍጻሜ የለየው የጸሎታቸው ጥንካሬ ወይም የድምፃቸው ውበት አይደለም። አንዱን መዝሙሩን የወሰዱት ሰዎች ስሙን ጽፈውለታል።

በነጻ ስለ መስጠትና ስለ እንጀራ

«በነጻ የተቀበልነውን በነጻ እንድንሰጥ ታዘናል፤ መንፈሳዊ ነገር አይሸጥም» የሚለው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ቁጥር 8 ላይ ያለ ትእዛዝ ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ደግሞ ጸጋን በገንዘብ ሊገዛ የወደደው ሲሞን ምን እንደ ተባለ እናውቃለን። ነገር ግን ከዚያው ከማቴዎስ ምዕራፍ 10 ሁለት ቁጥር ብቻ ወረድ ብለን ቁጥር 10ን እናንብብ፤ ሠራተኛ ምግቡ እንደሚገባው የተነገረው ለእነዚያው ለደቀ መዛሙርት፣ በዚያው ንግግር ነው። ሁለቱ ቃላት አይጣሉም። የመጀመሪያው ለሰጪው የተነገረ ነው፤ ዋጋ አትተምን ይለዋል። ሁለተኛው የሚያርፈው በተቀባዩ ቤት ላይ ነው፤ የመጣውን ሠራተኛ ጦሙን እንዳያሳድር። እኛ ግን ብዙ ጊዜ ገልብጠን እናነባለን፤ ቁጥር 8ን ለድኻው ዘማሪ እንጠቅሳለን፣ ቁጥር 10ን ለራሳችን እንተዋለን። ሰንበት ትምህርት ቤቶች የመዝሙር ካሴት፣ በኋላም ሲዲ እየሸጡ አዳራሽ ሲያሠሩ «ልመና ነው» ያለ ሰው አልተሰማም፤ ሊባልም አይገባም።

ከቴሌግራሙ ጉዳይ ላይ ደግሞ ሕግም አለ። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ዓ.ም. የደራሲን ብቻ ሳይሆን የከዋኝን መብት ይጠብቃል፤ ከዋኝ ማለት የሚዘምረው፣ የሚጫወተው ሰው ነው። ክዋኔውን ቀርፆ ለሕዝብ ለማሰራጨት ፈቃዱ ያስፈልጋል። ሕጉ በአዳራሽ መድረክ ላይ የሚዘምረውንና በመንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የሚዘምረውን አይለይም። በተግባር ግን የታወቀውን ዘማሪ ሥራ ስንወስድ እንፈራለን፤ የዓይነ ስውሩን ስንወስድ አንፈራም፣ ማን እንደ ቀረፀው እንኳ አያይምና። ሺህ ሰው ያየው ቪድዮ ላይ «ድንቅ ድምፅ» ተብሎ ይጻፋል፤ ስሙ አይጻፍም።

በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 10 በርጤሜዎስ በመንገድ ዳር ተቀምጦ ሲጮኽ ብዙዎች ዝም እንዲል ገሠጹት። ጌታችን ግን ቆመ፤ አስጠራው፤ ምን እንዲደረግለት እንደሚፈልግም ጠየቀው። ዓይነ ስውር ምን እንደሚፈልግ ግልጽ አይደለም ወይ እንል ይሆናል፤ ቢሆንም ተጠየቀ። በሚመጣው ንግሥ በመንገዳችን ላይ የሚዘምሩትን ስማቸውን፣ አገራቸውን፣ መዝሙሩን ከማን እንደ ተማሩት መጠየቅ ለእኛም ከባድ አይደለም። ከመካከላቸው ሌላ ሰው የማያውቀው የቆየ ዜማ የያዙ አሉ። ወደው ከፈቀዱ በደንብ እንቅረፅላቸው፤ ስማቸውን እንጻፍ፤ የሚገኘው ገቢ ካለም በምን መንገድ እንደሚደርሳቸው አስቀድሞ ከእነርሱ ጋር ተነጋግሮ በወረቀት ማስፈር ይገባል።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ግን የመሪው ልጅ ነገር ነው። እጅ ይዞ የሚመራው ብላቴና በሥራ ቀንም ከዓይነ ስውሩ ጋር መንገድ ላይ ይውላል፤ ትምህርት ቤት አይገባም። ልጁን ማስመዝገብ፣ ደብተር መግዛት ቀላሉ ሥራ ነው። ልጁ በክፍል ውስጥ በሚሆንበት ሰዓት ሽማግሌውን ከቤቱ እስከ መቀመጫው፣ ከመቀመጫው እስከ ቤቱ እጁን ይዞ የሚያደርስ ሰው መኖር አለበት። ከመካከላችን የጠዋት ፈረቃ የሚማሩ ከሰዓት በኋላ፣ የከሰዓት ፈረቃ የሚማሩ ጠዋት ይችላሉ፤ በሚቀጥለው የአባላት ስብሰባ ላይ ተራ እናውጣለት።